ሰም መሳይ በቆሎና የስታርች ውርስ

ከእህል ፍሬ የሰው ልጅ ከሚያገኘው ምግብ ትልቁን ክፍል የሚይዘው ስታርች፣ ለዓይን አንድ ወጥ ነጭ ዱቄት መስሎ ቢታይም፣ ባሕርያቸው የተለያየ የሁለት ነገሮች ውሕደት መሆኑን፣ የሁለቱንም ልክ የሚወስነው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ዘረ መል መሆኑን ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ይኖራል። ከሁለቱ አንዱ አሚሎዝ፣ የስኳር ቅንጣቶች ያለ ቅርንጫፍ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን ተከታትለው የተያያዙበት ረዥም ሰንሰለት ነው፤ ሁለተኛው አሚሎፔክቲን ግን እንደ ዋርካ ከቅርንጫፍ ላይ ቅርንጫፍ እያወጣ ይንሰራፋል። በተለመደው በቆሎ አሚሎዝ ከመቶ 25 እጅ ገደማ ሲሆን የቀረው አሚሎፔክቲን ነው፤ የበሰለ ስታርች ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚጠጥረውም ይልቁንም በአሚሎዙ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 በሻንግሃይ ይኖር የነበረ ፋርናም የተባለ አሜሪካዊ ሚሲዮናዊ ከቻይና ያገኘውን የበቆሎ ዘር ወደ ሀገሩ የእርሻ መሥሪያ ቤት ላከ፤ በማግሥቱም ዓመት ኮሊንስ የተባለው የዕፀዋት ሊቅ፣ ፍሬው ሲቆረጥ ውስጡ ሰም የመሰለ መሆኑን ጽፎ አስታወቀ። የዚህ በቆሎ ስታርች ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን ብቻ ነው፤ በዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውና አሚሎዝን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚያስገኘው ዘረ መል ሥራውን አቁሟልና። ከአንዱ ወላጅ ደኅናው ዘረ መል ከተወረሰ ግን አሚሎዝ መሠራቱ ስለማይቀር፣ ሰም መሳዩ ጠባይ በፍሬው ላይ የሚገለጠው ከእናትም ከአባትም የተወረሰው ሥራ ፈት ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ለማየት ታላቅ መሣሪያ አያሻም። ፍሬውን በምላጭ ሰንጥቀው አንድ ጠብታ አዮዲን ቢያሳርፉበት፣ የተለመደው በቆሎ ወዲያው ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ይሆናል፤ አዮዲኑ በአሚሎዙ ጥምዝ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ይሰደራልና፤ ሰም መሳዩ ግን ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ይይዛል። ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የአበባው ብናኝ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ተዳቅለው የተገኘው ልጅ ሲያብብ፣ ብናኙን በአዮዲን ነክረው በማይክሮስኮፕ ቢመለከቱት ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቀላ ያለ ሆኖ ይታያል፤ እያንዳንዱ ብናኝ ከሁለቱ ዘረ መሎች አንዱን ብቻ ይዞ ስለሚወጣ፣ መነኩሴው ሜንዴል አተር ዘርቶ፣ ፍሬ ቆጥሮ የደረሰበት የመለያየት ሕግ በአንዲት ስስ መስተዋት ላይ በዓይነ ሥጋ ይነበባል። ሃሪየት ክሬይተንና ባርባራ ማክሊንቶክም እ.ኤ.አ. በ1931፣ ክሮሞዞሞች አካላቸውን ሲለዋወጡ ዘረ መሎችም አብረው እንደሚለዋወጡ ባረጋገጡ ጊዜ፣ ይህንኑ ዘረ መል እንደ ምልክት ይዘው ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን በያዘች ጊዜ፣ ከካሳቫ ሥር የሚገኘው የታፒዮካ ስታርች ወደ አሜሪካ መግባቱ ስለ ተቋረጠ፣ እስከዚያ ድረስ የሊቃውንት መመራመሪያ የነበረው ይህ በቆሎ በምትኩ በገበሬ ማሳ ላይ ተዘራ። የእስያ ገበሬዎች ግን በሩዝ ላይ የደረሰውን ተመሳሳይ የዘረ መል ለውጥ ሳይንሱ ከመወለዱ አስቀድመው በምላሳቸው ለይተው፣ የሚጣበቀውን ሩዝ ለበዓልና ለዘወትር ማዕድ እየመረጡ ጠብቀው አቆይተውታልና፣ ይህን መሰሉን ለውጥ ጉድለት ብቻ አድርጎ መቍጠር አይገባም እላለሁ።

በስንዴ ነገሩ ይከብዳል። የዳቦ ስንዴ ከሦስት የሣር ወገኖች ተዳቅሎ የተገኘ በመሆኑ ይህ ዘረ መል በሦስት ቦታ ይገኛል፤ አንዱ ቢያርፍ የቀሩት ይሠራሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች ሁለቱ የማይሠሩበትን ካንቶ 107 የተባለ ስንዴያቸውን፣ ሦስተኛው ከማይሠራበት ባይ ሁኦ ከተባለው የቻይና ስንዴ ጋር አዳቅለው፣ ከተገኙት ዘሮች መካከል ሦስቱም ያረፉበትን ሰም መሳይ ስንዴ መርጠው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው።