ትንኝ ለምን ነፍሰ ጡሯን ትመርጣለች?

በጋምቢያ የተካሄደና በ2000 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ነፍሰ ጡር ሴቶች ከሌሎቹ ሴቶች በእጥፍ ገደማ የሚበልጡ የወባ ትንኞችን እንደሚስቡ አሳየ። በእርግዝናዋ መገባደጃ ላይ ያለች ሴት የምታስወጣው ትንፋሽ በ21 በመቶ ይበልጣል፤ የሆዷ ቆዳም በ0.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ትንኝ ደግሞ ሰውን ፈልጋ የምታገኘው በትንፋሹና በሙቀቱ ነው። «ከቤቱ ሰው ሁሉ እኔን ለይቶ ይበላኛል» የምትል ነፍሰ ጡር አላጋነነችም።

ንክሻው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ጽንሱን አይጎዳም። የትንኝም ሆነ የቁንጫ ወይም የትኋን ንክሻ ሲሆን ቦታውን በሳሙናና በውሃ አጥቦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ማሳረፍ ይበቃል። ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳ ካላሚን ሎሽን ይረዳል። 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባትም በትንሽ ቦታ ላይ ለጥቂት ቀናት መቀባት ይቻላል። የሚዋጥ የአለርጂ መድኃኒት ግን ባለሙያ ሳይጠየቅ አይጀመርም። ንብ ከነደፈች መንደፊያውን ቶሎ ማውጣት፣ ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል።

ለሕመሙ ተብሎ ቤት ውስጥ የተገኘውን ክኒን መዋጥ አደገኛ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ፣ የሽርት ውሃውንም ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጤና አዳም ጨምቆ መጠጣትም ማኅፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል መቅረት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበው ትኩሳት ነው።

ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ የኢትዮጵያ አካባቢዎች፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ያተኮሳት ነፍሰ ጡር በዚያው ቀን ደሟን መመርመር ይኖርባታል። የወባ ተውሳክ በእንግዴ ልጁ ውስጥ እየተከማቸ እናቲቱን ለደም ማነስ፣ ጽንሱን ለውርጃ ወይም ለክብደት ማነስ ይዳርጋል። የከተማ ነዋሪ መሆንም ዋስትና አይሆንም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በሶማሌ ክልል የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋርም ተያይዛለች። «መድኃኒቱ ጽንሱን ይጎዳዋል» ብሎ ሕክምናን መሸሽም ጉዳቱ የከፋ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ጭምር እንዲሰጥ መክሯል።

የንክሻ ምልክት ሳይኖር መዳፍና የእግር መርገጫ ሌሊት የሚያሳክክ ከሆነ ደግሞ የጉበት ችግር ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ፣ ቅድሚያው ለነፍሰ ጡሯና ለሕፃናቱ ይሁን።