የሞተር መጋዝ ከመግዛት አስቀድሞ ዛፉን መለካት እንደሚገባ

በከተማ ተቀምጦ በመንግሥት ሥራ ከሚያገለግለው ሰው ብዙው በተወለደበት አገር ጥቂት የባሕር ዛፍ ተክል አለው። ይህም ተክል ለቤቱ ቋሚና ማገር፥ ለምድጃው ማገዶ፥ ለልጆቹም ማስተማሪያ የሚሆን ገንዘብ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1887 ዓ.ም. ግድም ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ እየተስፋፋ ሄዶ ዛሬ በጋይንትና በእስቴ፥ በስማዳም ከቤት ጓሮ አንሥቶ እስከ ወንዝ ዳር ተተክሎ ይታያል።

ዛፉ ሲደርስ በምሳር መቍረጥ ጊዜም እንጨትም ያባክናል። ስለዚህ ብዙ ሰዎች በሞተር የሚሠራውን የሰንሰለት መጋዝ ከከተማ ገዝተው ወደ ዘመዶቻቸው ይልካሉ። መላካቸው መልካም ነው። ነገር ግን መጋዙን የሚገዛው ሰው ሌላ፥ የሚይዘው ሰው ሌላ ስለሆነ በምርጫው ላይ ስሕተት ይገባል፤ የገዢውም ስሕተት የሚከፈለው በያዡ አካል ነው።

ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን ብቻ አይደለም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በታች ጋይንት ወረዳ፥ በዐርብ ገበያ አጠገብ ለሚኖረው ለእኅታችን ልጅ መጋዝ ገዝተን ሰድደንለት ነበር። ከሱቁ በገባን ጊዜ ዐይናችን ያረፈው ከሁሉ በረዘመው ላይ ነው። ነጋዴዎች ባር የሚሉት፥ ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበት ጠፍጣፋ ብረት፥ ርዝመቱ 24 ኢንች ነበር። ትንሹን ብንልክ ዘመድ ይታዘበናል ብለን አሰብን እንጂ፥ የሚቈረጠው ዛፍ ምን ያህል እንደሚወፍር አልጠየቅንም። ዛፉም አብዛኛው ውፍረቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ አጣና ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጁ አንዱን አጣና ሲቈርጥ፥ ከአጣናው አልፎ የወጣው የባሩ ጫፍ ከበስተኋላ የነበረውን ጉቶ ነካ። መጋዙም ዘልሎ ወደ እርሱ ተመለሰና ግራ ትከሻውን ቀደደው። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች፤ እጁ ግን እስከ ዛሬ ከራሱ በላይ አይነሣም። እናቱ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችንም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ይከብደናል።

የአደጋው ምክንያት እንዲህ ነው። ሰንሰለቱ በባሩ ጫፍ ላይ ሲዞር፥ የጫፉ የላይኛው ክፍል ጠንካራ ነገር የነካ እንደሆነ ጥርሱ ይነክስና መጋዙን በቅጽበት ወደ ላይና ወደ ያዡ ይወረውረዋል። በዛሬ መጋዞች ላይ ሰንሰለቱን የሚያቆም ፍሬን በፊት መያዣው ዘንድ ይገኛል፤ ነገር ግን በፍሬን ብቻ መታመን አይገባም። ባሩ ከሚያስፈልገው በላይ የረዘመ እንደሆነ ጫፉ ከቈራጩ ዐይን ርቆ ድንጋይና ጉቶ፥ ሌላም ግንድ ይፈልጋል።

እንግዲህ የባሩን ርዝመት ለማወቅ ገበያ ከመውጣት በፊት ወደ ዛፉ መሄድ ይገባል። መጋዙ በሚገባበት ቦታ፥ ማለት ከሥሩ አጠገብ፥ ገመድ በግንዱ ዙሪያ ይጠመጠማል። የገመዱ ርዝመት በ3 ሲካፈል የዛፉ ውፍረት ይገኛል። በዚህም ላይ 2 ኢንች፥ ማለት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጨመር የሚበቃው ባር ይታወቃል። ለምሳሌ ገመዱ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት 12 ኢንች ያህል ነው፤ ስለዚህ 14 ኢንች ባር ይበቃዋል። መለኪያውም የሚወሰደው ብዙ ጊዜ ከሚቈረጡት ዛፎች ነው እንጂ፥ በተክሉ ዳር ብቻውን ከቆመው ከአሮጌው ዛፍ አይደለም። ለዚያ ለአንዱ ዛፍ ሲባል ትልቅ መጋዝ ከመግዛት፥ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከነመጋዙ መቅጠር ይሻላል።

ከርዝመቱ ቀጥሎ የሞተሩ ኃይል ይታሰባል። የሞተሩ መጠን ሲሲ በሚባል ቍጥር ይነገራል። በጠቅላላው ለ12 እና ለ14 ኢንች ባር ከ30 እስከ 40 ሲሲ፥ ለ16 እና ለ18 ኢንች ከ40 እስከ 50፥ ለ20 ኢንች ከ50 እስከ 60 ሲሲ ያለው ሞተር ይስማማል፤ 24 ኢንችና ከዚያ በላይ ግን 70 ሲሲና የሚበልጥ ይሻል። በትንሽ ሞተር ላይ ረዥም ባር ያደረገ ሰው፥ ለበቅሎ የሚገባውን ጭነት በአህያ ላይ እንደ ጫነ ያለ ነው፤ ሞተሩ ይግላል፥ ሰንሰለቱም ይጐተታል። የደረቀ እንጨት ደግሞ ከእርጥቡ ይልቅ ኃይል ይጠይቃል።

በዚህ ነገር ላይ የደጋ ሰዎች ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ጕዳይ አለ። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከመቶ 10 ያህል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ 50 ሲሲ የሆነ ሞተር በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በባሕር ወለል እንደሚሠራ 38 ሲሲ ሞተር ያህል ብቻ ይሠራል። በደጋ የሚኖር ሰው ባሩን ሳያስረዝም ከላይ ከተነገረው ልክ ከፍ ያለውን ሞተር ቢመርጥ፥ ካርቡሬተሩንም በባለሙያ ቢያስተካክል ይጠቀማል።

ሦስተኛው መለኪያ ያዡ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አንድሬያስ ሽቲል የተባለው መሐንዲስ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የሰንሰለት መጋዝ ባወጣ ጊዜ፥ መጋዙ ከክብደቱ የተነሣ በሁለት ሰው ይያዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነበረው የሠሪዎች ድካም ብዙው መሣሪያውን ለማቅለል ነው። ዛሬ ትንሹ መጋዝ ባሩና ነዳጁ ሳይቈጠር ከ4 እስከ 5 ኪሎ፥ ትልቁ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ልዩነቱ በሱቅ ውስጥ ሲያነሡት ጥቂት ይመስላል፤ ከጧት እስከ ቀትር በተዳፋት ላይ ለያዘው ሰው ግን ጥቂት አይደለም። የደከመ ክንድ መጋዙን ያዘነብላል፥ የሚዘነብል መጋዝም ያቈስላል።

ሰንሰለት በሚለወጥበትም ጊዜ ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን የጥርሱ ርቀትና የውፍረቱ ቍጥር ከባሩና ከሞተሩ ጥርስ ጋራ አንድ መሆን አለበት፤ እነዚህም ቍጥሮች ብዙ ጊዜ በባሩ ላይ ተቀርጸው ይገኛሉ። መጋዙ ሲላክ የራስ ቍርና የዐይን መከለያ፥ ጠንካራ ጫማና የእግር መከላከያ ሱሪ አብረው ይላኩ። ለያዡም የሚያስተምረው ሰው ይፈለግለት። ዛፍ በሚቈረጥበት ጊዜ ልጆችና ከብቶች ከዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ይራቁ።

የእኅታችን ልጅ ዛሬ በዚያ ተክል ውስጥ የሚሠራው ባሩ 14 ኢንች በሆነ መጋዝ ነው። ሁለተኛውን የመረጠው እርሱ ራሱ ነው፤ እኛ ገንዘቡን ብቻ ሰጠን። አንባቢዎቻችንም እንደዚሁ ገመዱን አስጠምጥማችሁ ልኩን፥ ያዡንም ጠይቃችሁ ፈቃዱን ካወቃችሁ በኋላ ወደ ሱቅ ትሄዱ ዘንድ እናሳስባለን።