ከቴዎድሮስ አደባባይ እስከ አዳማ፣ በባትሪ

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ ቅጂ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቷል። ዋናው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ በ1860 ዓ.ም. ከጋፋት መቅደላ የደረሰው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው። ዛሬ አደባባዩን ዞረው ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርዱት ድምፅ አልባ መኪኖችም ከክብደትና ከዳገት አላመለጡም። ብቻ እነሱ ለዳገቱ ካወጡት ጉልበት ቁልቁለቱ ላይ ብዙውን ይሰበስባሉ።

ሾፌሩ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ሞተሩ ዳይናሞ ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ፒያሳ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ የተነሳ ግን ቸርችል ላይ ይህን አያገኝም፤ የሞላ እንስራ ውሃ አይቀበልም። መኪናው እንደ ወትሮው አልይዝ ሲለው አዲስ ሾፌር ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ፍሬኑን ይርገጥ፣ ምንም አልተበላሸም።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በርክተዋል። ከተማ ውስጥ ብዙ አያሳስቡም። ጥያቄው የሚመጣው ከከተማ ሲወጡ ነው።

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ እስከ 120 ያስነዳል። አንድ መካከለኛ መኪና በ90 ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ በ120 ከ20 ያልፋል። መኪናው የሚገፋው አየር ነውና፤ የአየር ግፊት ደግሞ በፍጥነት ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። በ80 ኪሎ ሜትር ጉዞ 120 የነዳው ሰው 13 ደቂቃ ይቀድማል። ያባከናትን 4 ኪሎዋት ሰዓት በቤት ውስጥ ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ለመመለስ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ይጠብቃል። 60 ኪሎዋት በሚሰጥ ፈጣን ጣቢያ አምስት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ እዚያ መፍጠን ያዋጣል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈጣን ጣቢያ ከፍቷል። ከከተማ በራቁ ቁጥር ግን ጣቢያው ይሳሳል፤ ስለዚህ እኔ ቀስ ብሎ ለሚነዳው እፈርዳለሁ።

ነፋስን ብዙ ሰው ይረሳዋል። በ90 ሲነዱ ፊት ለፊት በ30 የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ አየሩ መኪናውን የሚቃወመው በ120 እንደሚነዳ አድርጎ ነው፤ ቀድሞ ለመድረስ ግን አንዲት ደቂቃ አያተርፍም። አዳማ ዙሪያ ይህ ቀልድ አይደለም። ኮረብታዎቹ ላይ የሚሽከረከሩት የሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 136 ተርባይኖች፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት፣ እዚያ የተተከሉት ነፋሱ ታይቶ ነው። በዚያው ነፋስ የመነጨ ኃይል በሶኬት በኩል መኪናው ውስጥ ይገባና መንገድ ላይ ከነፋሱ ጋር ይታገላል! ደግነቱ የደጋው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል።

ሲመለሱ ደግሞ ዳገት አለ። አዳማ ከፒያሳ በ800 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። 1,700 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ሜዳ ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ነው። አዳማ ላይ ቻርጅ ማድረግ ካስፈለገ 80 በመቶ ሲደርስ መንቀል ነው፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው ቀስ እያለ ስለሚቀበል ጊዜው ይባክናል። ከመነሳትዎ በፊት ግን ተርባይኖቹ ፊታቸውን ወደየት እንዳዞሩ ይመልከቱ፤ የሚዞሩት ነፋሱ ወደሚመጣበት ነው።