ከሸዋ ሮቢት ሜዳ ሥር የሰማይ ድንጋይ ጉድጓድ ይኖር ይሆን?

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደጋው በድንገት ያበቃና የይፋት ቆላ ከእግር ሥር ይዘረጋል። ይህን በተራራ የታጠረ ማሽላና ማሾ የሚበቅልበት ሜዳ አይቶ «የሰማይ ድንጋይ የቆፈረው ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይፈረድበትም። ሜዳው ራሱ የዚያ ውጤት አይደለም። ከሥሩ ግን ምንም የለም ብሎ መማል አይቻልም። በዓለም ላይ እስካሁን 200 ገደማ የሰማይ ድንጋይ ጉድጓዶች ተረጋግጠዋል፤ ከኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ አንድም የለም። እኔ የምለው፣ ይህ ባዶነት አገራችን በድንጋይ ተመትታ ስለማታውቅ የመጣ ሳይሆን፣ የተመታው ገጽ ስለተሸፈነ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሜዳው። የሰማይ ድንጋይ በዘፈቀደ ይወድቃል እንጂ ተራ ይዞ አይሰለፍም። የይፋት ሜዳ ግን ብቻውን አይደለም፤ ከራያ ቆቦ በቦርከና አድርጎ እስከ ሮቢት ድረስ በአፋር ምዕራባዊ ጠርዝ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተደረደሩ ተመሳሳይ ረባዳዎች አሉ። እነዚህን የፈጠራቸው ምድሪቱ ስትለጠጥና ስትሰነጠቅ ወደ ታች የሰመጠው መሬት ነው። ሥራው አለማብቃቱንም በ1953 ዓ.ም ማጀቴንና ካራቆሬን ያፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አሳይቷል። ክብ ቅርጽም ቢሆን ያሳስታል፤ የቢሾፍቱ ሐይቆችም ሆኑ የፈንታሌ ተራራ አናት ክብ ቢሆኑም የእሳተ ገሞራ ልጆች ናቸው። የቢሾፍቱዎቹ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቆፈሩ ናቸው፤ በዙሪያቸው የተከመረውም የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ነው። ስለዚህ ክብ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ሽፋኑ ደግሞ እንዲህ ነው። የደብረ ሲናን ቁልቁለት የቆረጠው መንገድ ዳር ጥቁሩ ባዛልት በመሶብ እንዳለ እንጀራ ተነባብሮ ይታያል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ሰፊውን የኢትዮጵያ ደጋ አለበሰው፤ በቦታ በቦታው ውፍረቱ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከዚያ በኋላም ሌላ ተጨመረበት፤ ጂኦሎጂስቶች ከላይኞቹ ንጣፎች አንዱን በዚሁ ስፍራ ስም «ጣርማበር» ይሉታል። በቆላው ላይ በተጨማሪ ወንዞች ከተራራው ያወረዱት ደለል ተኝቷል። ከዚህ ሁሉ በፊት የወደቀ ድንጋይ ቢኖር ጠባሳው ዛሬ ከእግራችን ሥር በብዙ መቶ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ነው።

«ታዲያ ቺክሱሉብ እንዴት ተገኘ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ሙግት ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው ግጭት በሜክሲኮ የቆፈረው፣ ስፋቱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ደለልና የኖራ ድንጋይ ተጭኖበትም ተገኝቷል። ነዳጅ ፈላጊዎች የመሬትን ስበትና ማግኔት ሲለኩ በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ክብ ቅርጽ አዩ፤ የግጭት ጠባሳ መሆኑ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው ግን ከ1991 ወዲህ ነው። ልዩነቱ ሽፋኑ ላይ ነው። የኖራ ድንጋይ በማግኔት መለኪያ ዘንድ ዝምተኛ ነው። ባዛልት ግን ራሱ ማግኔታዊ ነው፤ የይፋቱ ደግሞ በስንጥቅ ተቆራርጧል። እዚህ ከሥር የሚመጣው ደካማ ምልክት በላይኛው ጫጫታ ይዋጣል። ስለዚህ መለኪያ ብቻውን አይበቃም፤ በደቡብ አፍሪካ ከካላሃሪ አሸዋ ሥር የተቀበረው የሞሮክዌንግ ጉድጓድም የተረጋገጠው በቁፋሮ በወጣ አለት ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ባዛልቱ ከመፍሰሱ በፊት የነበረው መሬት በመሸርሸሩ ጉድጓዱ አብሮ ጠፍቷል የሚል ነው። ትንንሾቹን በተመለከተ እስማማለሁ። የትልቅ ግጭት ሥር ግን በኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ጥልቀት አለው፤ የደቡብ አፍሪካው የቭሬደፎርት ጠባሳ 2 ቢሊዮን ዓመት ሲሸረሸር ኖሮ ዛሬም ይታወቃል።

እኔ ብጠየቅ ፍለጋውን ከይፋት ሜዳ አልጀምረውም። ከተራራው ማዶ፣ በመርሐቤቴ በኩል፣ የጀማ ወንዝ ባዛልቱን ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ጥንታዊ የኖራና የአሸዋ ድንጋይ ገልጦታል፤ የሙገር ወንዝም እንዲሁ። ወንዞቹ ገንዘብ ሳይጠይቁ ቆፍረውልናል። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ኳርትዝ አለው፤ ባዛልት ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ ኳርትዝ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የታመነ ምስክር ነው። የሰማይ ድንጋይ ሲመታው በውስጡ እጅግ ቀጫጭን፣ ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮች ይቀሩበታል፤ እሳተ ገሞራም ሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ እነዚህን አይሠራም። ለማየት የሚያስፈልገው ብርሃን እስኪያስተላልፍ ድረስ ሳስቶ የተፋቀ ቁራጭ ድንጋይና የጂኦሎጂ ማይክሮስኮፕ ነው። ንብርብሩ ያለ ምክንያት የተሰባበረበት ወይም የተገለበጠበት ቦታ ሲገኝ ናሙናውን ከዚያ መውሰድ፣ ከዚያም ኳርትዙን አንድ በአንድ መመልከት ነው።