ከብርቅዬ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ምን ይዘን እንመለስ?



ከእናንተ መካከል ለጥናት ወይም ለጉባኤ ወደ ለንደንና ወደ ኒው ዮርክ የሚሄዱ አይጠፉም። በሁለቱም ከተሞች በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት የብርቅዬ መጻሕፍት ዐውደ ርእይ ይካሄዳል። የለንደኑን የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1906 የተመሠረተው የጥንታዊ መጻሕፍት ነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን፣ የኒው ዮርኩ ፓርክ አቬኑ አርመሪ በተባለው ሰፊ አዳራሽ ይታያል። ዋጋውን ሰምቶ «ይህ የባለጸጎች ስፍራ ነው» ብሎ የሚቀር ተማሪ ብዙ ነው። ተመራማሪ ግን ወደዚያ የሚሄደው ለማየትና ለመጠየቅ እንጂ ለመግዛት አይደለም። በቤተ መጻሕፍት ያለውን መጽሐፍ ነገም እናገኘዋለን፤ በዐውደ ርእይ የቀረበው ግን ከተሸጠ በኋላ ወደ ግል ስብስብ ገብቶ ለአንድ ትውልድ ከዐይን ሊሰወር ይችላል።

ሥራው የሚጀመረው ከጉዞው በፊት ነው። ብዙ ነጋዴዎች የሚያቀርቧቸውን መጻሕፍት ዝርዝር አስቀድመው ያወጣሉ። ከዚያ ውስጥ አራት ወይም አምስት መርጦ መሄድ አዳራሹን ሙሉ ከመዞር ይሻላል። ለኢትዮጵያ ጥናት ተማሪ ሊፈለጉ ከሚገባቸው መካከል ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ያሳተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት፣ የሂዮብ ሉዶልፍ የ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ እንዲሁም በ1790 በአምስት ቅጽ የወጣው የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ይገኙባቸዋል።

በቦታው ሲደርሱ ነጋዴውን ሳያስፈቅዱ መጽሐፍ ማንሳትም ፎቶ ማንሳትም ነውር ነው። ተማሪ መሆንን በግልጽ መናገር ይጠቅማል፤ ገዢ በበዛበት ሰዓት ግን ነጋዴውን መያዝ አይገባም። ንጹሕና ደረቅ እጅ ይበቃል፤ የጨርቅ ጓንት ጣትን ስለሚያደነዝዝ ቅጠል ሊያስቀድድ ይችላል። ቅጠሉ፣ ሥዕሉና ካርታው የተሟላ መሆኑን በዝርዝሩ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር ደግሞ ዋነኛ ልምምድ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጉዳይ የግዕዝ የብራና መጻሕፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት መካከል ብዙዎቹ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ሲገቡ፣ ሌሎቹ በግለሰቦች እጅ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህም ከአብያተ ክርስቲያናት የተሰረቁ አሉ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ብራና በቀረበበት መደብ ፊት ሦስት ጥያቄዎችን በትሕትና ማንሳት ይገባል፦ መጽሐፉ ከኢትዮጵያ መቼ ወጣ? በማን እጅ አለፈ? ይህን የሚያረጋግጥ ምን ሰነድ አለ?

መጽሐፉ ራሱም ይመሰክራል። የባለቤቱ ስም በጸሎቱ መካከል፣ የደብሩ ስም ደግሞ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ተፍቆ ከተገኘ ልብ ማለት ነው። ሆኖም የተፋቀ ስም ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይሆንም፤ መጽሐፍ በሽያጭ ወይም በስጦታ ባለቤት ሲለውጥ የቀድሞው ስም ይፋቅ ነበርና።

የተሻለው ማስረጃ ንጽጽር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቻቸውም በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። የቅጠሉ ብዛት፣ የሐረጉ ሥዕል፣ የሰም ጠብታውና የኅዳግ ጽሑፉ ከፊልሙ ጋር ከተስማማ፣ ያ መጽሐፍ ፊልሙ በተነሣበት ጊዜ በኢትዮጵያ እንደነበረ ይታወቃል።

እንዲህ ሲገጥም ከነጋዴው ጋር መሟገት አያስፈልግም። የነጋዴውን መግለጫ፣ ቀኑንና የመደቡን ቁጥር መዝግቦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለአዘጋጁ ማኅበር ማሳወቅ ይገባል። «ገዝቼ ወደ አገሬ ልመልሰው» የሚለው ቅን ሐሳብም ጥንቃቄ ይሻል፤ የተከፈለው ገንዘብ ለሚቀጥለው ስርቆት ዋጋ ሊሆን ይችላልና።

ማስታወሻችሁን በዚያው ምሽት አጽዱ፤ ቅጠል ቆጠራውንና የሰማችሁትን መልስ ለይታችሁ ጻፉ። ከሃያ ዓመት በኋላ መጽሐፉን የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ምልክት የሚያገኘው ከእናንተ ደብተር ሊሆን ይችላል።