ጩኸቱ ከጅራቱ ነው ወይስ ከዘመኑ?

የድሮ አውሮፕላን የሚወዱ ሰዎች ቡና ላይ ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሞተራቸውን ጅራታቸው ሥር በተሸከሙት ጄቶች ላይ ነው። ካራቬል፣ ትራይደንት፣ ቪሲ-10፣ ዋን-ኢሌቨን፣ ቦይንግ 727፣ ዲሲ-9፣ ቱፖሌቭ-154። አንዱ «ዋን-ኢሌቨንን የሚስተካከል ጩኸታም የለም» ይላል፤ ሌላው በ727 ይምላል። አንድ ነገር ላይ ግን ሳይጠያየቁ ይስማማሉ፤ ሞተር ጅራት ላይ ከሆነ ይጮኻል ብለው። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ይጥማል።

ከመነሻው እንጀምር፤ ዓመታቱና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1955 ግንቦት ወር ላይ ፈረንሳዮች ቱሉዝ ከተማ ላይ ካራቬልን ለመጀመሪያ ጊዜ አበረሩ። ከዚያ በፊት የእንግሊዞቹ ኮሜት ሞተሮቹን ክንፉ ከገላው በሚገናኝበት ቦታ ውስጥ ቀብሯቸው ነበር፤ የቦይንግ ሰዎች ደግሞ ከክንፍ በታች አንጠልጥለዋቸዋል። ፈረንሳዮቹ ሁለቱንም ትተው ሁለት የሮልስ ሮይስ ሞተሮችን ከአውሮፕላኑ ገላ መጨረሻ ላይ ግራና ቀኝ ለጠፉ። ሐሳቡ እንደ ተስቦ ተዛመተ። እንግሊዞች ቪሲ-10ን፣ ትራይደንትንና ዋን-ኢሌቨንን፣ አሜሪካኖች 727ንና ዲሲ-9ን፣ ሶቪየቶች ቱ-134ን፣ ቱ-154ንና ኢል-62ን ሠሩ።

ለምን ጅራት ተመረጠ? ክንፉ ምንም ሳይንጠለጠልበት ንጹሕ ሆኖ ስለሚቀር አየር በደንብ ይይዛል። ቪሲ-10 ለምሳሌ ከፍታና ሙቀት ለሚፈትናቸው እንደ ናይሮቢና ጆሃንስበርግ ላሉ የአፍሪካ አውሮፕላን ማረፊያዎች ታስቦ የተሠራ ነበር። ሞተሮቹ ለመሐል ስለሚቀርቡ አንዱ ቢጠፋ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ብዙም አይጎተትም። ከመሬትም ራቅ ስለሚሉ ድንጋይና ኮረት አይስቡም። ከሁሉ በላይ ግን አየር መንገዶቹ የወደዱት ሌላ ነገር ነበር፤ የመንገደኛው ጸጥታ። አዎ፣ ዛሬ በጩኸት የምናማቸው አውሮፕላኖች ያኔ የተሸጡት ጸጥ ያሉ ናቸው ተብለው ነው!

ደግሞም እውነት ነበር፤ የት እንደተቀመጣችሁ ይወስነዋል እንጂ። የዲሲ-9 ታናሽ በሆነው ኤምዲ-80 ላይ ፊት ወንበር የተቀመጠ ሰው አውሮፕላኑ ሲነሳ የሚሰማው የአየር ሽውታ ነው፤ ሞተር ስለመኖሩም ሊጠራጠር ይችላል። መጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠው ደግሞ የመስኮቱን መከለያ ሲከፍት ሰማይ የለም፤ መስኮቱን የሞላው የሞተሩ ቆርቆሮ ነው። ንዝረቱ በወንበሩ መደገፊያ አልፎ ጥርስ ድረስ ይመጣል፣ አስተናጋጇም «ሻይ ወይስ ቡና?» ለማለት ጆሮ ድረስ ጎንበስ ማለት አለባት። አንድ አውሮፕላን፣ አንድ በረራ፣ ሁለት ዓለም።

ይህ አቀማመጥ ዋጋም አስከፍሏል። ሞተሩ ጅራቱን ስለያዘው አግድም ያለችው ክንፍ ወደ ላይ ተሰቅላ የላቲን ፊደል «ቲ»ን የመሰለ ጅራት ተፈጠረ። ጥቅምት 22 ቀን 1963 በሙከራ ላይ የነበረ የመጀመሪያው ዋን-ኢሌቨን አፍንጫውን ከልክ በላይ ቀና ሲያደርግ ክንፉን አየር ከዳው። ከክንፉ የወጣው የተበጠበጠ አየር ጅራቱን ስለሸፈነው አብራሪዎቹ አፍንጫውን መልሰው ዝቅ ማድረግ አልቻሉም፤ ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች መሪውን ራሱ ወደፊት የሚገፋ መሣሪያ የተገጠመላቸው። መሬት ላይም ችግር ነበረ፤ ክብደቱ ኋላ ስለሆነ ባዶ አውሮፕላን በቂጡ ሊቀመጥ ይችላል። ሩሲያውያን ለኢል-62 ቆሞ ሲጫን የሚደግፈው ትንሽ የጅራት እግር ሠሩለት። የ727 የኋላ ደረጃም ሲዘረጋ እንደ ምርኩዝ ያገለግል ነበር። (በ1971 አንድ ጠላፊ ገንዘቡን ይዞ በፓራሹት የዘለለው በዚያው ደረጃ ነው፤ እስከዛሬ አልተገኘም። ይህ ሌላ ቡና የሚጠይቅ ወሬ ነው።)

አሁን ወደ ጩኸቱ። መዳፋችሁን ፊታችሁ ላይ ዘርጉና ከሰል እንደምታያይዙ ከንፈራችሁን አሞጥሙጣችሁ እፍ በሉበት። ቀጥሎ አፋችሁን ከፍታችሁ ሃ... በሉ። የመጀመሪያው ጠባብ፣ ፈጣንና ድምፅ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ሰፊ፣ ዘገምተኛና ጸጥ ያለ። ጄት ሞተርም ሥራው አየር ወስዶ ወደ ኋላ መወርወር ነው። ጥቂት አየር በከፍተኛ ፍጥነት ቢወረውር ወይም ብዙ አየር በዝግታ ቢወረውር እኩል ግፊት ሊያገኝ ይችላል። የድሮዎቹ እፍ ባዮች ነበሩ። የዛሬዎቹ ሃ ይላሉ።

የሚገርመው፣ ሲነሳ ያለው ያ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት በአብዛኛው የሚፈጠረው ሞተሩ ውስጥ አይደለም። የሚፈጠረው ከሞተሩ ኋላ፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ እየጋለበ የወጣው ትኩስ አየር ከቆመው አየር ጋር ሲላተምና ሲቀዳደድ ነው። በ1952 እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል ነገሩን በቀመር አስቀመጠው፤ የድምፁ ኃይል ከአየሩ ፍጥነት ስምንተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍም አይሆንም፤ ሁለትን ስምንት ቦታ ጽፋችሁ አባዙት፣ 256 ይመጣል። ተገላቢጦሹን ደግሞ እዩት። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱና ግፊቱ እንዳይጎድል የጭስ ማውጫውን ስፋት አራት እጥፍ ብታደርጉት እንኳ፣ የድምፁ ኃይል ወደ አንድ ስድሳ አራተኛ ይወርዳል። ለእኔ በአቪየሽን ታሪክ ውስጥ ከዚህ በላይ ለጎረቤት የጠቀመ ቀመር የለም።

ስለዚህ ጥያቄው «ሞተሩ የት ነው?» ሳይሆን «አየሩን በምን ፍጥነት ይተፋል?» ነው። የመጀመሪያዎቹ ካራቬሎች ሞተር የሳበውን አየር በሙሉ በእሳቱ ውስጥ አሳልፎ ይተፋው ነበር። የዋን-ኢሌቨንና የትራይደንት ሞተር የሆነው ስፔይ ከአየሩ የተወሰነውን ከእሳቱ ውጭ በጎን ያሳልፋል፤ ግን በጎን የሚያልፈው በመሐል ከሚያልፈው ያንሳል። የ727ና የዲሲ-9 ሞተር፣ ፕራት ኤንድ ዊትኒ ከ14,000 በላይ የሠራው ጄቲ8ዲ፣ ለአንድ እጅ የመሐል አየር አንድ እጅ ገደማ በጎን ያሳልፋል። ዛሬ በኤርባስ 320ኒዮ ላይ የሚገጠሙት ሞተሮች በጎን የሚያሳልፉት 11 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ትልቁ ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር በዝግታ ይገፋል፤ መሐል ላይ ያለው እሳት ዋና ሥራው ማራገቢያውን ማዞር ሆኗል።

ጅራቱ ጥፋተኛ አለመሆኑን የአዲስ አበባ ሰማይም ሊመሰክር ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአንድ ዘመን 727-200ንም 737-200ንም ያበር ነበር። 727 ሦስት ሞተር ከኋላ፣ 737-200 ሁለት ሞተር ከክንፍ በታች፤ ሁሉም ግን ያው ጄቲ8ዲ ናቸው። ቦሌ፣ ሳሪስ ወይም ገርጂ ያደገ ሰው ሁለቱም ሲያልፉ ወሬ ማቋረጥ ያውቃል። እንዲያውም ከክንፍ በታች ያለ ሞተር ድምፁ በክንፉ ሆድ ላይ ነጥሮ ወደ መሬት ይመለሳል። የቦሌ ከፍታም ይጨመርበት፤ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ በረጅሙ ተንደርድሮ ቀስ እያለ ይወጣል። ቀስ ብሎ የሚወጣ አውሮፕላን ደግሞ ቤታችሁ ላይ ሲደርስ ገና ዝቅ ያለ ነው።

ጆሮ የሰጠ ሰው የእነዚህን ሞተሮች ድምፅ ለሁለት ይከፍለዋል። አውሮፕላኑ ለማረፍ ወደ እናንተ ሲመጣ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ከፊት የሚወጣ ነው፤ የሚሽከረከሩት የማራገቢያ ቢላዎች ከፊታቸው ባሉት ቋሚ ቢላዎች የተበጠበጠውን አየር ሲቆርጡ የሚፈጠር። ሲነሳ ደግሞ አናታችሁን አልፎ ከሄደ በኋላ ነው ዋናው የሚመጣው፤ ወፍራም፣ የተሰነጣጠቀ፣ ጨርቅ ሲቀደድ ዓይነት ድምፅ፣ አውሮፕላኑ ከዓይን ጠፍቶም የሚቀጥል። አድናቂዎቹ የሚናፍቁት ይህንን ነው፤ እኔም ልዋሽ አልችልም፣ ደስ ይለኛል። ግን ከሥሩ ልጅ የሚያስተኙ ሰዎች አልመረጡትም፤ ሕግ ያስወጡትም እነሱ ናቸው።

አሜሪካ በ1969 ለአዳዲስ አውሮፕላኖች የድምፅ ወሰን አወጣች፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት በ1971 ተከተለ። የ1990ው የአሜሪካ ሕግ ጠንከር ያለ ነበር፤ ከ34 ቶን በላይ የሚመዝኑ ጩኸታም ጄቶች እስከ 1999 መጨረሻ ወይ ይሻሻሉ ወይ ይውጡ አለ። ያን ጊዜ ነው የድምፅ ማፈኛ ንግድ የደራው። የጭነት አውሮፕላን ባለቤቱ ፌዴክስ ሳይቀር ለ727 የሚሆን ማፈኛ አሠራ። ትኩሱና ቀዝቃዛው አየር ከመውጣታቸው በፊት የሚያዋህድ መቀላቀያ፣ ድምፅ የሚውጥ ገበር፤ በአጭሩ እፍ የሚለውን አፍ በመጠኑ ሃ ማስባል። አውሮፓውያን ይህን ጥገና በጥርጣሬ ስላዩት ከአሜሪካ ጋር ተጣሉበት። የሆነ ሆኖ ከሚያዝያ 2002 ጀምሮ የድሮው ደረጃ ጄቶች አውሮፓ ማረፍ ቀረባቸው። ብዙዎቹን ግን ከሕጉ በላይ የገደላቸው የነዳጅ ወጪያቸው ነው ብዬ አምናለሁ፤ እፍ ማለት ያስጮኻል ብቻ ሳይሆን ነዳጅም ይበላል።

አሁንም «ጅራቱ ነው» ለሚል ወዳጅ የማቀርበው የመጨረሻ ማስረጃ ቦይንግ 717 ነው። ይህ አውሮፕላን የዲሲ-9 ቀጥተኛ ዘር ነው፤ ማክዶኔል ዳግላስ ኤምዲ-95 ብሎ ጀምሮት፣ በ1997 ድርጅቱ ከቦይንግ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ስሙ ተቀየረ። ያው ጠባብ ገላ፣ ያው ሁለትና ሦስት የወንበር አደራደር፣ ያው ቲ ጅራት፣ ያው ግራና ቀኝ የተለጠፉ ሞተሮች። የተለወጠው ዋና ነገር ሞተሩ ነው፤ በጎን የሚያልፈው አየር ከመሐሉ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ። ውጤቱ በመጠኑ ካሉት ጄቶች ሁሉ ጸጥተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ አረፈው። ወደ አገልግሎት የገባው በ1999 ነው፤ ያ የአሜሪካ ሕግ የድሮ ዘመዶቹን በሚያስወጣበት በዚያው ዓመት።

የተሠሩት 156 ብቻ ናቸው፤ ከሚያበሯቸው ዋነኞቹ ዴልታና ሃዋይያን ናቸው። አትላንታ ያላችሁ ወገኖች ዕድለኞች ናችሁ፣ ዴልታ ከዚያ ለአጭር ጉዞ ይጠቀምባቸዋል። ቲኬት ስትቆርጡ የአውሮፕላኑን ዓይነት እዩና 717 ከሆነ ስትሄዱ ፊት፣ ስትመለሱ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልዩነቱን ራሳችሁ ስሙትና ከዚያ እንከራከር።