አንደበት የሚፈታው የሚና ጨዋታ

ጎንደር፦ በርካታ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ሰዋስው ቢያጠኑም፣ ተናገሩ ሲባሉ የጓደኛን ሳቅ ፈርተው ዝም ይላሉ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሌሎች ትምህርቶችም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፣ መጠየቅ የፈራ ተማሪ በሁሉም ወደ ኋላ ይቀራል።

የሚና ጨዋታ ለዚህ ፍርሃት አንዱ መፍትሔ ነው። ተማሪዎች ጥንድ ሆነው አንዱ አስጎብኚ፣ ሌላው እንግዳ ይሆናሉ። በጎንደር በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1979 በዩኔስኮ ስለተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ በደባርቅ ደግሞ ስለ ዋልያና ጭላዳ ዝንጀሮ ይጠያየቃሉ፤ ከዚያም ሚና ይለዋወጣሉ። ስሕተቱ የአስጎብኚው እንጂ የተማሪው ስለማይመስል ድፍረት ይገኛል። ጥንዶቹ በአንድ ጊዜ ስለሚነጋገሩ፣ ብዙ ተማሪ በያዘ ክፍልም የመናገር ዕድል ለሁሉም ይደርሳል።

መምህሩ ንግግሩን ሳያቋርጥ ስሕተቶችን መዝግቦ በመጨረሻ በጋራ ያርማል። ወላጅም ልጁ በቤት ሲለማመድ ከማሾፍ ይልቅ ቢያዳምጠው ትልቅ እገዛ ነው።